በገጠር መንገድ ላይ ለአንድ ቀን ጉዞ የትኛው ሊግፊትስ ይሻላል?

ሊግፊትስ የምንለው ኮርቻ የሌለው፣ ጀርባን በሚደግፍ ወንበር ላይ ጋደም ብለው፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱት ብስክሌት ነው። ስሙ ሆላንድኛ ነው፤ እዚህ ኔዘርላንድ የምንኖር ሰዎችም እንዳለ ወስደን እንጠራዋለን። ሊገዛ ወይም ሊከራይ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ነው። ይህ መመሪያ ግን የሚነሣው ከሌላ ጥያቄ ነው፤ እርሱም «በቀኑ ውስጥ ስንት ጊዜ እቆማለሁ፣ ስንት ጊዜስ እንደገና እነሣለሁ?» የሚለው ነው። የመዝናኛ ጉዞ ግማሹ መቆም ነውና፤ ቼሪ ከሚሸጥበት ደጃፍ ይቆማሉ፣ ወንዝ የምታሻግረው ትንሽ ጀልባ እስክትመጣ ይቆማሉ፣ መኪና እስኪያልፍ ይቆማሉ፣ ገበሬው በጎቹን ከማሳ ወደ ማሳ እስኪያሻግርም ይቆማሉ። በእነዚህ ሁሉ መቆሚያዎች ላይ ብስክሌቱ ከሰውየው ጋር ካልተስማማ፣ በመካከል ያለው መንገድ የቱንም ያህል ቢያምር ቀኑ አድካሚ ይሆናል።

የማነጻጽራቸው አምስት ዓይነት ናቸው፤ ተራው ብስክሌት፣ ረጅሙ ባለ ሁለት ጎማ ሊግፊትስ፣ አጭሩ ባለ ሁለት ጎማ ሊግፊትስ፣ ሁለት ጎማ ከፊት ያለው ባለ ሦስት ጎማ፣ እና ሁለት ጎማ ከኋላ ያለው ባለ ሦስት ጎማ። መፈተኛ ያደረግሁት መንገድ ደግሞ እኔ ራሴ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ደጋግሜ የነዳሁበት፣ በቤቱዌ አካባቢ የሊንገን ወንዝ ተከትሎ ከጌልደርማልሰን እስከ ሌርዳም የሚወስደው ነው።

መንገዱ

ቤቱዌ በራይንና በዋል ወንዞች መካከል ተዘርግቶ የሚገኝ፣ ፖምና ፒር፣ ቼሪና ፕለም የሚበቅልበት ለም ምድር ነው። በሚያዝያ ወር ዛፎቹ ነጭና ሮዝ አበባ ይለብሳሉ፤ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ደግሞ ቼሪው ደርሶ በየእርሻው ደጃፍ ይሸጣል። ሊንገ በመሐሉ እየተጠማዘዘ የሚፈስ ቀርፋፋ ወንዝ ሲሆን፣ በሁለቱም ዳር ውኃው ወደ እርሻው እንዳይገባ የተገነባ የዐፈር ግድብ አለ። ሆላንዶች ዳይክ የሚሉት ይህ ግድብ ጫፉ ላይ ጠባብ መንገድ ስላለው፣ ነጂው ከፍ ብሎ በአንድ በኩል ወንዙን፣ በሌላው በኩል የፍራፍሬውን ማሳ እያየ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ትሪኽት፣ ቤስት፣ ረኖይና አኮይ የሚባሉ መንደሮች ይገኛሉ፤ የአኮይ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለ በመሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ሌርዳም በመስታወት ሥራ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት።

መንገድ ለማግኘት ካርታ መያዝ ብዙም አያስፈልግም፤ በየመጋጠሚያው ላይ ቁጥር ያለው ምልክት ተተክሏል፤ ነጂው የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ከቁጥር ወደ ቁጥር መሄድ ብቻ ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጅየም ሊምቡርኽ ተጀምሮ በኋላ ወደ ኔዘርላንድ የተስፋፋ ነው። ደርሶ መልሱ እንደ ምርጫው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የደከመው ሰው ከቤስት ወይም ከሌርዳም ጣቢያ በባቡር ወደ ጌልደርማልሰን ሊመለስ ይችላል።

ፍጥነት በዚህ መንገድ ላይ ምን ያህል ያዋጣል የሚለውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢነዳ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ18 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ደግሞ 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ያህል። ሰባት ሰዓት ውጭ ለመዋል ለወጣ ሰው የሃያ ሰባት ደቂቃ ልዩነት ገንዘብ የሚወጣበት ጉዳይ አይደለም። የቀረው አራት ሰዓት ገደማ በመቆም፣ በመቀመጥ፣ በመነሣትና በመመልከት የሚያልፍ ስለሆነ፣ ምርጫው መመዘን ያለበት በዚያ ነው።

ነፋስ ግን ለብቻው መታየት አለበት። አየር የሚያደርሰው ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ጋደም ማለት የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣበት ሰውነቱ የሚገጥመው አየር የ35 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በኔዘርላንድ ነፋሱ በብዛት ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ ከጌልደርማልሰን ወደ ሌርዳም የሚወስደው መንገድም ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሲሄዱ ነፋሱ ከፊት፣ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ከኋላ ይሆናል። ኮረብታ በሌለበት አገር ዳገቱ ነፋሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ሊግፊትስ ከተራው ብስክሌት በግልጽ የሚሻለውም በዚያን ጊዜ ነው።

ተራው ብስክሌት

ከዚህ ላይ በቅን ልቡና መናገር የሚገባ ነገር አለ። የጉዞዎ ርዝመት ከ25 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ ወገብዎ፣ አንገትዎና የእጅዎ አንጓም የማያስቸግርዎ ከሆነ፣ ባሕር ዳር ወይም ሀዋሳ ላይ ሲነዱ ያደጉበት ዓይነት ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት ብስክሌት ይበቃዎታል። ለመቆም እግር ማውረድ፣ ለመነሣት ፔዳሉን መርገጥ ብቻ ነው፤ ከአጥር በላይም አሻግሮ ያሳያል። ችግሩ የሚጀምረው ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ የሰውነት ክብደት በሙሉ በአንዲት ትንሽ ኮርቻ ላይ ስለሚያርፍ መቀመጫ ይደነዝዛል፣ ወደ ፊት ለሚያዘነብል ሰው ደግሞ የእጅ መዳፍና አንገት ይታመማል። ወደ ሊግፊትስ ከመጡት ከማውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ የመጡት ሕመም ገፍቷቸው ነው፤ ፍጥነት ፍለጋ የመጣ ጥቂት ነው።

ሊግፊትስ ይህን ያህል ጥቅም እያለው በየሱቁ የማይታየው ለምን እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። አንዱ ምክንያት ታሪካዊ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ሞሼ በሠራው ብስክሌት ላይ ጋደም ብሎ የነዳው ፍራንሲስ ፎር፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 1933 በፓሪስ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር በመሄድ ኦስካር ኤግ ከ1914 ጀምሮ ይዞት የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚፈቀደውን የብስክሌት ቅርጽ በሕግ ሲወስን ጋደም ብሎ መንዳት ከውድድሩ ውጭ ሆነ። ፋብሪካዎች በውድድር የማይታይ ነገር በብዛት ስለማይሠሩ፣ ዛሬም ድረስ ሊግፊትስ የሚሠሩት በአብዛኛው ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው፤ ዋጋው የሚወደደውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ባለ ሁለት ጎማዎቹ

ረጅሙ ዓይነት የፊት ጎማው ከፔዳሉ ፊት ርቆ የተቀመጠ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ ነው። አሜሪካዊው ራንስ ስትራተስ የዚህ ወገን ነው። ፔዳሉ ዝቅ ያለ፣ ወንበሩም ቀጥ ያለ ስለሆነ ለመልመድ ከሁሉም የቀለለ ነው፤ እግር መሬት በቀላሉ ይነካል፤ ሸካራ መንገድንም በልስላሴ ያልፋል። ለዝግታ ጉዞ በጠባዩ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን በአውሮፓ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው፤ ርዝመቱም ለባቡር፣ ለጠባብ መጋዘንና በመንደሮች መካከል ላሉት ድርብ መታጠፊያዎች አይመችም። አሜሪካ ለሚኖርና በመኪና ጭኖ ለሚወጣ አንባቢ በመጀመሪያ እንዲያየው እመክራለሁ፤ እዚህ ላለነው ግን አልመክርም።

አጭሩ ዓይነት የፊት ጎማው ከነጂው ጉልበት በታች ያለ፣ ፔዳሉ ከጎማው ፊት በቱቦ ጫፍ ላይ የተተከለ ነው። ብዙውን ጊዜ የፊቱ ጎማ 20 ኢንች፣ የኋላው 26 ኢንች ይሆናል። በጀርመን ክሪፍተል የሚገኘው ኤችፒ ቬሎቴክኒክ የሠራው ስትሪትማሺን፣ ሁለቱም ጎማዎች ላይ ሞላ ያለውና መሪው ከወንበሩ በታች የሆነ፣ ለረጅም መንገድ የታሰበ ነው። የአጭሩ ዓይነት ወንበር ከመሬት ያለው ከፍታ በጣም ይለያያል፤ ለገጠር መንገድ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያለው ይሻላል። በዚህ ከፍታ የነጂው ዓይን ከመኪና ነጂ ዓይን ጋር ይቀራረባል፣ መነሣትም ከተራ ወንበር እንደመነሣት ነው። ከዚያ በጣም ዝቅ ያሉት ለውድድር የተሠሩ ናቸው፤ ለመዝናኛ ቀን አይገዙ።

የአጭሩ ዓይነት ዋና ፈተና መነሣት ነው። ይህንንም ከዳይኩ መውጫ ላይ እንዳለ ልግለጸው። ከታች ከማሳው ወደ ዳይኩ ጫፍ የሚያወጣው መንገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ከላይ ሲደርሱ ደግሞ ከግራና ከቀኝ የሚመጣ አለመኖሩን ለማረጋገጥ መቆም ግድ ነው። በዚያ ዘንበል ባለ ቦታ ላይ ቆመው እንደገና ሲነሡ በፔዳል ላይ ቆሞ መጫን አይቻልም፤ የሰውነት ክብደት አይረዳም። አስቀድመው ሳይቆሙ ማርሹን ወደ ቀላሉ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ቆመው ከሆነ ሰንሰለቱ አይለወጥም። ከዚያ ፍሬኑን እንደያዙ ጠንካራ እግርዎን ከላይ ጥቂት ባለፈ ፔዳል ላይ ያኖራሉ፣ ጀርባዎን ከወንበሩ ጋር ያጣብቃሉ፣ ፍሬኑን ለቀው አንድ ጊዜ ይገፋሉ፤ ሁለተኛው እግር ፔዳሉን ማግኘት ያለበት ብስክሌቱ ገና ሳይወዛወዝ ነው። ትከሻን ማላላትና ዓይንን ከጎማው ላይ አንሥቶ ሩቅ ማየት ግማሹ ሥራ ነው። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ጥቂት ሰዓታት የተለማመደ ሰው ሜዳ ላይ ያለ ችግር ይነሣል፤ ዳይኩ ላይ በእርጋታ ለመነሣት ግን እኔን ሳምንታት ፈጅቶብኛል። አንድ ቀን ብቻ ተከራይቶ ለሚወጣ ሰው አጭሩን የማልመክረው ለዚህ ነው።

ያን ያለፈ ሰው ግን ብዙ ያገኛል። ባለ ሁለት ጎማ በመሆኑ አንድ መስመር ብቻ ይዞ ስለሚሄድ፣ በመንደሮቹ ውስጥ በጡብ ከተነጠፈው መንገድ ላይ የተነሣውንና የሰመጠውን ጡብ እየመረጠ ያልፋል። በብስክሌት መንገድ መግቢያ ላይ መኪና እንዳይገባ በተተከሉት ምሰሶዎች መካከል ያለ ሐሳብ ይሾልካል። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ኪሎ ግራም ስለሆነ ደረጃ ላይ ይሸከሙታል። በነፋስ ላይም ከባለ ሦስት ጎማው ይቀልላል።

መሪው ከወንበር በላይ ወይም ከወንበር በታች ሊሆን ይችላል። ከታች ሲሆን እጅ ከጎን ተንጠልጥሎ ያርፋል፤ ለሙሉ ቀን ከዚህ የሚመች የለም። ከላይ ሲሆን ለመልመድ ይቀልላል፣ ብስክሌቱን በእግር ሲሄዱ መግፋትም ይቀልላል።

ባለ ሦስት ጎማዎቹ

ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ጎማ ከኋላ ያለው ዓይነት በዛሬው ገበያ በብዛት የሚታየው ነው። በእንግሊዝ ኮርንዎል የሚሠራው አይስ፣ የኤችፒ ቬሎቴክኒክ ስኮርፒዮን፣ በቼክ የሚሠራው አዙብ፣ በአሜሪካ ካትራይክና ቴራትራይክ ሁሉም ይህን ይሠራሉ። ሚዛን መጠበቅ የሚባል ነገር የለበትም፤ ሲቆሙ እግር አያወርዱም፤ ዳይኩ መውጫ ላይ ፍሬን ይዘው፣ እንደተቀመጡ ግራ ቀኙን አይተው፣ ፍሬኑን ለቀው ይሄዳሉ። ከቼሪ መሸጫው ደጃፍም የእጅ ፍሬኑን ቆልፈው፣ ከወንበሩ ሳይነሡ ቼሪውን መብላት ይችላሉ። በጣም ቀስ ብለው፣ በእግረኛ ፍጥነት እንኳ፣ ከልጅ ጋር እያወሩ መንዳት የሚቻለው በባለ ሦስት ጎማ ብቻ ነው። በመቆምና በመነሣት ብዛት ለሚመዘን ቀን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለጀማሪም ለአንድ ቀን ኪራይም የምመክረው እርሱን ነው።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። የመጀመሪያው የእግር ደኅንነት ነው። እግር ከፔዳሉ ላይ ተንሸራትቶ መሬት ቢነካ፣ ብስክሌቱ ወደ ፊት እየሄደ ስለሆነ እግርን ከሥሩ ስቦ ሊያስገባውና አጥንት ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ጫማን ከፔዳል ጋር የሚያያይዝ መያዣ፣ ወይም ቢያንስ ተረከዝን የሚደግፍና በማሰሪያ የሚይዝ ፔዳል ግዴታ ነው። ሻጩ «ለዝግታ አያስፈልግም» ቢልዎት አይስሙት፤ ሸካራ ጡብ ላይ እግር በዝግታም ይንሸራተታል።

ሁለተኛው ስፋቱ ነው። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የኔዘርላንድ የትራፊክ ደንብ ከሁለት በላይ ጎማ ያለውና ከ75 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ብስክሌት ነጂ በመኪናው መንገድ እንዲሄድ ይፈቅድለታል፤ ይህን መብት ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በፀሐያማ እሑድ ጠባቡ የብስክሌት መንገድ ከሁለት ወገን ሲሞላ መተላለፉ ያስጨንቃል። ሦስቱ ጎማዎች ሦስት የተለያየ መስመር ስለሚይዙም፣ በጡብ መንገድ ላይ አንዱ ጉድጓድ ቢያመልጥ ሌላው ይገኛል፤ ሞላ የሌለው ባለ ሦስት ጎማ በአሮጌ መንደር ውስጥ ጥርስ ያንገጫግጫል። ወፈር ያለ ጎማ፣ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ግማሹን መንገጫገጭ ይወስዳል።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። ዝቅ ያሉት ወንበራቸው ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። በዳይኩ ላይ ሲሆኑ ይህ ችግር አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ከፍ ስላለ ወንዙም ማሳውም ይታያል። ወደ ማሳዎቹ መካከል ሲወርዱ ግን፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም በቆሎው ሲቆም፣ በየመጠምዘዣው የሚታየው ቅጠል ብቻ ነው፤ ከወዲያ የሚመጣው የትራክተር ነጂም እርስዎን አያይም። ከወንበሩ ኋላ በረጅም ዘንግ ላይ የሚውለበለብ ባንዲራ የሚሰቀለው ለዚህ ነው። ስፖኪዮም በሁለቱም በኩል ያስፈልጋል፤ ጀርባው ከወንበር ጋር የተያያዘ ሰው ዞሮ ኋላውን ማየት አይችልምና። ስፖኪዮው ለባለ ሁለት ጎማውም እኩል ያስፈልጋል።

ስለ መቀመጥና መነሣት አንድ የማልረሳው ነገር ላክል። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ ዳሌያቸው የተቀየረላቸው አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው የእኔን ዝቅተኛ ባለ ሦስት ጎማ እንዲሞክሩ ከጌልደርማልሰን ጣቢያ አጠገብ ሰጠኋቸው። እስከ ትሪኽት ድረስ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነዱ። ሲመለሱ ግን ሁለቱን የፊት ጎማዎች በእጃቸው ተደግፈው ለመነሣት ሦስት ጊዜ ሞክረው፣ በመጨረሻ እጄን ይዘው ተነሡና «ልጄ፣ መንዳቱንስ ወደድሁት፤ መነሣቱን ግን እግዜር ይርዳኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የወንበሩን ከፍታ ከዋጋው በፊት እነግራለሁ።

ለእርሳቸው የሆነላቸው አንድ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ጎማ ከኋላ ያለው ዓይነት ነው። በጀርመን ቫልትሮፕ ሃዘ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ኬትቪዘል በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። ከፊት በኩል በግራና በቀኝ የሚከለክል ጎማ ስለሌለ፣ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ይቀመጣል፤ ወንበሩም ወደ ተራ ወንበር ከፍታ የተጠጋ ነው። በጠባብ ቦታ ይዞራል፤ ከኋላው ሰፊ የዕቃ ማስቀመጫ ይይዛል። የአንዱን ኬትቪዘል የፊት ጎማ አውጥቶ ከሌላ ኬትቪዘል ኋላ ማያያዝም ይቻላል፤ ባልና ሚስት በእኩል ፍጥነት ለመሄድ ሲፈልጉ ይጠቅማል። ጉድለቱ በፍጥነት ሲታጠፉ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ሊነሣ መቻሉ ነው፤ ከዳይኩ ሲወርዱ ከታች ያለውን መታጠፊያ ቀድመው ፍሬን ይዘው መግባት አለባቸው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ይህ ጉድለት ብዙም አይሰማም፤ የመነሣት ችግር ያለበት ሰው ሳያመነታ ይህን ይምረጥ።

ወንበር፣ ጉልበትና ሰንሰለት

የትኛውንም ዓይነት ቢመርጡ፣ ወንበሩ በመረብ ጨርቅ የተወጠረ ወይም ድፍን ሆኖ ስፖንጅ የተነጠፈበት ይሆናል። በሐምሌ ሙቀት መረቡ ጀርባን ያናፍሳል፣ የመንገዱንም ንዝረት ይቀንሳል፤ ድፍኑ ሰውነትን አጥብቆ ስለሚይዝ ለሚገፋ እግር የተሻለ መደገፊያ ነው። ለዝግታ ቀን መረቡ ይሻላል። የወንበሩ ዘንበል ማለትም ሊስተካከል የሚችል መሆን አለበት፤ በጣም ከተጋደሙ አንገት አገጭን ለመያዝ ስለሚታገል የአንገት መደገፊያ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ግን ጉልበት ይታሰብ። ጀርባ ስለተደገፈ እግር ሳይታወቀው ከሚገባው በላይ ይገፋል፤ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መግፋት ጉልበትን ያሳምማል። ቀለል ባለ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ማሽከርከር ነው የሚሻለው። ርቀቱን ለማስተካከል፣ በወንበሩ ላይ ተደግፈው ተረከዝዎን ከሁሉ ርቆ በሚገኘው ፔዳል ላይ ሲያኖሩ እግርዎ ሊዘረጋ ይገባል፤ የእግር ጣት ግርጌ ሲያኖሩ ጉልበት በጥቂቱ ይታጠፋል። ፔዳሉ የተተከለበትን ቱቦ ወደ ፊት ሲያወጡ ሰንሰለቱም መርዘም እንዳለበት አይርሱ። ሰንሰለቱ ከተራው ብስክሌት እጥፍ በላይ ስለሚረዝም፣ የሚመራው መንኮራኩርና የሚያልፍበት ቱቦ ያለው ነው፤ ያገለገለ ሊግፊትስ ሲገዙ በመጀመሪያ የዚያን መንኮራኩር ጥርስ ይመልከቱ። በባለ ሦስት ጎማው ላይ ደግሞ የፊት ጎማዎቹን በእጅ ወዲያና ወዲህ ነቅንቀው ልቅ መሆናቸውን ይፈትሹ፤ ጎማው አንድ ጎኑ ብቻ ተፍቆ ካዩም የሁለቱ ጎማዎች አቅጣጫ አልተስተካከለም ማለት ነው።

አዲስ ባለ ሦስት ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ዩሮ በላይ ያስወጣል። ያገለገለ አጭር ባለ ሁለት ጎማ ግን ከዚያ በብዙ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። የኤሌክትሪክ ሞተር ማስገጠም ለከባዱ ባለ ሦስት ጎማ፣ በተለይም ለነፋስ ቀን፣ ከልብ የምመክረው ነው፤ በአውሮፓ ሕብረት ደንብ እስከ 250 ዋት ያለውና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዝ የሚያቆመው ሞተር እንደ ተራ ብስክሌት ይቆጠራል።

ባቡር ለሚጠቀም ሰው ሰዓቱ ይታሰብ፤ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3:00፣ ከቀኑ 10:00 እስከ ምሽቱ 12:30 በአገራችን አቆጣጠር፣ በኔዘርላንድ ባቡር ላይ ያልታጠፈ ብስክሌት መጫን አይፈቀድም፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ይህ ክልከላ ይነሣል። ባለ ሦስት ጎማ በመኪና ለሚወሰድ ወይም ከቤት ለሚነሣ ሰው እንጂ ለባቡር የሚመች አይደለም፤ የሚታጠፉት እንኳ ታጥፈው ሰፊና ከባድ ናቸው። ብዙዎቻችን የምንኖረው በፎቅ ቤት ስለሆነም፣ ከመግዛት በፊት የምድር ቤቱን መጋዘን በርና ወደ እርሱ የሚያስገባውን መታጠፊያ በሜትር መለካት ይገባል። በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 83 የሚሰፋውን ባለ ሦስት ጎማ በጎኑ አዘንብለው ያስገቡታል፤ መተላለፊያው ግን ወዲያው የሚታጠፍ ከሆነ አይገባም።

ሱቅ ሲደርሱ ሻጩ ብዙውን ጊዜ አስፋልት ላይ ጥቂት እንዲዞሩ ይጋብዝዎታል። ያንን ያድርጉት፤ ከዚያ በፊት ግን ወንበሩ ላይ ያለ ማንም እርዳታ ዐሥር ጊዜ ተቀምጠው ይነሡ። ቀጥሎ በአካባቢው ያለ የድልድይ መውጫ ይፈልጉና ከመካከሉ ላይ ቆመው አምስት ጊዜ ይነሡ። ዐሥረኛው መነሣት ከመጀመሪያው ካልከበደዎት፣ አምስተኛውም የድልድይ ላይ መነሣት ልብዎን ካላስደነገጠ፣ ያ ብስክሌት ለሊንገ ዳር ቀን ይሆንዎታል።